ሳትጠይቅ የማታለቅስ ሴት

አቃቂ ውስጥ ሰው ሲሞት፣ ቀብሩ መቼ እንደሆነ ከመጠየቁ በፊት «ለዲንቄ ተነገራት ወይ?» ይባላል። ለድንኳን ተካዩም፣ ለንፍሮ ቀቃይዋም፣ ለሳጥን አምጪውም ተተኪ አይጠፋም። ዲንቄ ግን አንድ ናት።

ስልሳ አራት ዓመቷ ነው። ዕድሜዋን አይተው አንቱ የሚሏትን ትቆጣለች፤ አንቱ የተባለ ሰው ደረቱን መምታት ያፍራል ትላለች። አባቷ በሬ ጠምደው ያርሱት በነበረው መሬት ላይ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ቆሞበታል። እሷ ግን በሕንጻዎቹ መካከል ስታልፍ እዚህ ጋ ጤፍ ነበር፣ እዚያ ጋ ሽምብራ እያለች ነው፤ አብሯት የሚሄድ ሰው ሳያስበው እግሩን ከቡቃያው ላይ ያነሳል።

ሠላሳ አንድ ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈተል ክፍል ሠርታለች። ፈተል ክፍል ማለት መቶ ማሽን በአንድ አፍ የሚጮህበት አዳራሽ ነው። ሌሎቹ ሴቶች በከንፈርና በእጅ ምልክት ሲግባቡ፣ ዲንቄ ድምጿን ከማሽኑ ጩኸት አንዲት ክር ያህል ከፍ አድርጋ ትለቀው ነበር። አጠገቧ ያለችው ሳትሰማ በአዳራሹ ማዶ ያለችው ትሰማለች። ይህን ጥበብ ማንም አላስተማራትም። አንድ ቀን አብራት የምትሠራ ሥርጉት የምትባል ልጅ በወሊድ ሞተች። ዲንቄ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሴቶቹ የሥራ ሽርጣቸውን ሳይፈቱ ለቅሶ ቤት ገብተው ግድግዳ ተደግፈው ሲያለቅሱ፣ እሷ መሐል ገብታ እንዲህ አለች፦

ክር ሲበጠስ አይታ የምትቀጥለው ልጅ፣
የራሷ ሲበጠስ ምነው ጠፋባት እጅ።

ያን ዕለት ለቅሶ ቤቱ ውስጥ የነበሩ ሁሉ ደነገጡ ይባላል። ማሽን ሲዘጋ የሚመጣውን ዝምታ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እንደዚያ ሆነ። ከዚያ ወዲህ አቃቂ አልቃሽ አላጣም።

ሥራዋ ያለ ስሕተት አልቀናም። ገና ወጣት ሳለች አቶ ቀናው የሚባሉ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ሞቱና፣ ማንንም ሳትጠይቅ «ከአንዲት ሚስቱ ሌላ ሴት ያላየ፣ እንደ ሐዲድ ቀጥ ያለ» ብላ ግጥም ደረደረች። ሁለተኛው ግጥም ሳያልቅ ከድሬዳዋ የመጣች ጥቁር የለበሰች ሴት ሦስት ልጆች አስከትላ ከድንኳኑ በር ቆመች። ልጆቹ ሦስቱም የአቶ ቀናውን አፍንጫ ይዘዋል። ለቅሶው ሳቅ፣ ሳቁ ጠብ ሆነ። የድሬዳዋዋ ሴት ዲንቄን ጠጋ ብላ «እህቴ፣ ብትጠይቂኝ ኖሮ ሐዲዱ መታጠፊያ እንዳለው እነግርሽ ነበር» አለቻት አሉ። ይህን ዲንቄ ራሷ ስትናገር ትስቃለች፤ ግን ከሳቋ በኋላ ፊቷ ይጠቁራል። ውሸት የተለቀሰለት ሰው ሁለት ጊዜ ነው የሚቀበረው ትላለች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳትጠይቅ አታለቅስም። የሟቹን ቤተሰብ አንድ በአንድ ትይዝና ጥያቄዋን ትጀምራለች። ምን ያስቀው ነበር? ምን ይፈራ ነበር? ሲከፋው ወዴት ይሄድ ነበር? መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ የምትጠይቃት አንዲት ጥያቄ አለች፤ እናቱ የት ናት? የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ቢሞት እንኳ ይህን ትጠይቃለች። ሰው በስተርጅናም ቢሞት የአንዲት ሴት ልጅ ሆኖ ነው የሚሞተው ባይ ናት።

የምነግራችሁ ግን ጥያቄዋ ራሷን ያስፈራት ጊዜ ነው።

ባለፈው ግንቦት አንድ ማለዳ፣ የእድራችን ሽማግሎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የአሰጋሽን በር አንኳኩ። አሰጋሽ ባሏ ከሞተ በኋላ በመርፌና በክር ዩኒፎርም እየሰፋች አንድ ልጅ ያሳደገች ሴት ናት። ልጇ አብርሽ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ በሺፍት ይሠራ ነበር፤ ጠዋት የፋብሪካውን ሰርቪስ ሲጠብቅ መንገደኛውን ሁሉ ሲያስቅ የምናውቀው ልጅ። ከስምንት ወር በፊት ሩሲያ ሥራ አገኘሁ ብሎ ሄደ። ሥራው ጦርነት ሆነ። ሩሲያ ከዩክሬን ጋር በምትዋጋበት ግንባር ወደቀ። አብሮት የነበረ ሌላ የእኛ አገር ልጅ ለአጎቱ ጻፈለት፣ አጎቱ ለእድሩ ነገረ፣ እድሩም በጎሕ መርዶውን ይዞ ሄደ። ሬሳ የለም። መቃብሩም የት እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ድንኳኑ ተተከለ። ፍራሽ ተነጠፈ። በሬሳ ፋንታ የፋብሪካ ጋዋን ለብሶ የተነሳው ፎቶ ጠረጴዛ ላይ ቆመ። ጠቡ የተነሳው እዚህ ጋ ነው።

የአብርሽ ጓደኞች ባንዲራ አመጡ። ፎቶውን ሊያለብሱት፣ ሊፎክሩለትና ሊያቅራሩለት ፈለጉ። ጦር ሜዳ የወደቀ ሰው እንዴት እንደ ተራ ሟች ይለቀስለታል አሉ። የእድሩ ዳኛ አምሳ አለቃ ተሰማ ከተቀመጡበት ተነሱ። ስልሳ ሰባት ዓመታቸው ነው። በሰባ ዓመተ ምሕረቱ ጦርነት፣ በምሥራቁ ግንባር መድፈኛ ነበሩ፤ ቀኝ እግራቸውን ሳብ እያደረጉ ነው የሚራመዱት። መንገድ ላይ ባንዲራ ሲሰቀል ካዩ ከባጃጅም ቢሆን ወርደው ቀጥ ብለው የሚቆሙ ሰው ናቸው። ልጆቹን አንድ በአንድ አዩአቸውና ባንዲራውን ከእጃቸው ወስደው ተጠንቅቀው አጠፉት።

«ወታደር የሚባለው አገሩ ጠርታው የሄደ ነው» አሉ። «ይህን ልጅ ማን ጠራው? እዚህ ድንኳን ውስጥ ባንዲራ ከወጣ፣ ፉከራም ከተሰማ፣ እኔና የጦር ጓዶቼ እንወጣለን።»

ይህ ሁሉ የተባለው አሰጋሽ እየሰማች ነው። ፍራሽ ላይ እንደተቀመጠች ዲንቄን በእጇ ጠራቻትና ጎንበስ ስትልላት የነጠላዋን ጫፍ ያዘች።

«እትዬ ዲንቄ፣ ለአገሩ ሞተ በይልኝ። አንቺ ካልሽው ሰው ያምናል።»

ዲንቄ እሺም እምቢም አላለችም። ገና አልጠየቅኩም ብቻ አለች። ግን የተጣለባትን ሸክም ያኔውኑ አውቃዋለች። የእናቲቱን ቃል ብትል ውሸት ነው፣ እድሩም ለሁለት ይከፈላል። የአምሳ አለቃን ቃል ብትይዝ፣ አሰጋሽ አንድ ልጇን እንደ ሌባ አንገቷን ደፍታ ልትቀብረው ነው፤ ያውም ባዶ ቀብር። ሰልስቱ ከነገ ወዲያ ነው። በዚያን ቀን ሰው ሁሉ ይሰበሰባል፣ ዲንቄም መሐል ትገባለች። ምን ብላ?

በማግስቱ ጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ፣ አሰጋሽ አጠገብ ተቀምጣ ጥያቄዋን ጀመረች። እኔም ንፍሮ ሳዳርስ አጠገባቸው ነበርኩ።

ምን ያስቀው ነበር? የታክሲ ረዳቶችን ድምፅ እያስመሰለ እናቱን ያስቃት እንደነበር አሰጋሽ ነገረቻት። ጠዋት ከአልጋው ሳይወርድ «ሳሪስ፣ ስታዲየም፣ የሞላ!» ይልና ብርድ ልብሱን ይገፋል። ምን ይፈራ ነበር? በሬ። እዚህ ላይ አሰጋሽ መርዶው ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷ ታየ። ለበዓል በሬ ሲነዳ ካየ ሌላ መንገድ ዞሮ ነው የሚመጣው፤ ትልቅ ሰው ሆኖም አልተወውም። ጓደኞቹ «በሬው ሰላም ብሎሃል» እያሉ ያበሽቁት ነበር።

በሬ የሚፈራ ልጅ ጦር ሜዳ ምን ወሰደው? አለች ዲንቄ።

አሰጋሽ እጇን ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ስልኳን አወጣችና በቴሌግራም የላከላትን የመጨረሻ ድምፅ ከፈተች። ነፋስ ይሰማል። ከነፋሱ ውስጥ ያ የምናውቀው ሳቂታ ድምፅ መጣ፦

«እማ፣ ደህና ነኝ። ብርዱን ግን አታንሺው። ጋሽ ተሰማን ስታገኚያቸው፣ የእግርዎን ውለታ እየመለስኩልዎ ነው ብሏል በያቸው። ይስቃሉ።»

የንፍሮውን ሳህን አስቀምጬ ጠጋ አልኩ። ዲንቄ ዓይኗን ጨፍና ድምፁን ሁለተኛ አስከፍታ ሰማችው። ከዚያ ይህን ለአምሳ አለቃ ነግረሽ ታውቂያለሽ ወይ ብላ ጠየቀች። አሰጋሽ አልነገርኩም ብላ ራሷን ነቀነቀች።

«አንድ ሰው ሞቶብኛል» አለች። «ሁለተኛ አልጨምርም።»

እኔ በዚያች ሴት ፊት ያፈርኩትም በእሷ የኮራሁትም ያን ጊዜ ነው። ትናንት ልጅሽን ማን ጠራው ተብላ በሰው ፊት ተጠይቃ፣ መልሱን በቀሚሷ ኪስ ይዛ፣ ዝም ብላ ተቀምጣለች። እንዲህ ያለ ልብ ከምን ክር እንደሚፈተል ዲንቄም አታውቀው ይሆናል። ግንባሯን ሳመቻትና ወጣች።

አምሳ አለቃ ተሰማ ቤታቸው ከድሮው ባቡር ሐዲድ አጠገብ ነው። ከሰዓት በኋላ ደጃፋቸው ላይ በርጩማ አውጥተው መቀመጥ ልማዳቸው ነበር። የሰፈሩ ልጆች በሙሉ፣ አብርሽም ጭምር፣ ያደግነው እዚያ ደጃፍ ላይ የጦር ሜዳ ወሬ እየሰማን ነው። የሩሲያ አውሮፕላኖች ደመናውን እየበሱ መድፍና ታንክ ሲያራግፉ፣ ከባሕር ማዶ የመጡ ወታደሮች በቋንቋቸው እየዘፈኑ በአቧራው ውስጥ ሲያልፉ፣ እሳቸው ሲያወሩት ሰማዩ ራሱ የሚጎተት ይመስለን ነበር። ሱሪያቸውን ከፍ አድርገው ጠባሳቸውን ያሳዩናል። «ይህችን እግር የሰጠችኝ ሩሲያ ናት» ይሉናል። ትልቅ አገር ማለት እንዲህ ነው፤ ወዳጁ ሲጠራው ከዓለም ጫፍ ይመጣል። እኛም አፋችንን ከፍተን እንሰማለን። ፍቅር በጆሮ እንደሚገባ የሚጠራጠር እዚያ ደጃፍ ላይ ቢያድግ ኖሮ ያውቀው ነበር።

ያን ቀን ዲንቄ ስትመጣ አምሳ አለቃ በርጩማቸውን አላወጡም። በሩን ገርበብ አድርገው ውስጥ ተቀምጠዋል። ምን እንደተባባሉ ሁለቱም በኋላ ነገሩኝ፤ ነገሩን የሚያዩበት ዓይን ቢለያይም ቃሉ አንድ ነው።

«መጣሽ መርማሪዋ» አሏት። «ሟቹ እኔ ነኝ እንዴ?»

«እርስዎማ ገና ብዙ ያናድዱናል» አለችና ሳትጋበዝ ተቀመጠች። ከዚያ አብርሽ ልጅ ሆኖ ምን ይጠይቃቸው እንደነበር ጠየቀቻቸው።

እጃቸው ሳይታወቃቸው ወደ ጉልበታቸው ሄደ። ያ ልጅ ከሌሎቹ የተለየ ነበር አሉ። ሌሎቹ ስንት ሰው ገደሉ ነው የሚሉኝ፤ እሱ ግን አንድ ቀን ጠባሳዬን በጣቱ እየነካ፣ «ጋሼ፣ ውለታውን መለሱላቸው?» አለኝ። ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። እኔም ስቄ «አንተ ታድግና ትመልስልኛለህ» አልኩት። ይህን ብለው አምሳ አለቃ ከሌላ ሰው አፍ የሰሙት ይመስል ቀና ብለው አዩዋት።

«ያን ማን ጠራው ያልኩትኮ ለዚህ ነው፣ ዲንቄ። መልሱን ስለማውቀው ነው።»

ዲንቄ ስለ ድምፁ መልእክት አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ልትነግር ሳይሆን ልትጠይቅ ነው የመጣችው። ስለ እግርዎ ይንገሩኝ አለቻቸው፤ ማን ነው ያዳነው?

ነገሯት። ከግንባር ሐረር ሲደርሱ ሐኪሞቹ ከጉልበት በታች ሊቆርጡት ተስማምተው ነበር። አንድ ፀጉሩ ገብስ የመሰለ ወጣት ሐኪም ግን እምቢ አለ። ሚኮላ ነው ስሙ። አሥራ አንድ ቀን ከአልጋቸው ሥር ወለል ላይ እየተኛ ቁስሉን በየሰዓቱ እየገለጠ አጠበው። አማርኛ አያውቅም፤ የሚያውቀው ቃል «አይዞህ» ብቻ ነው፣ እሱንም ለበሽተኛው ሳይሆን ለእግሩ ነበር የሚለው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የእግራቸው ጣት ሲንቀሳቀስ ሐኪሙ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አገሩ ልኮት ነው የመጣው፣ ያላወቀው አገር፣ ያላወቀው ጦርነት። ሲመለስ እንኳን ለመሰናበት ዕድል አላገኙም።

«እናቱ የት ነበረች?» አለች ዲንቄ።

ጥያቄው ልማዷ ነው። አምሳ አለቃም እንደ ልማድ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። ፎቶዋን አሳይቷቸው ነበር፣ ሻርፕ ያሰረች ወፍራም ሴት፤ ንብ ታረባለች፤ ማር ሲያይ እሷ ትዝ ትለዋለች። ቤቷም ከኪየቭ ወጣ ብሎ...

እዚህ ጋ ቆሙ።

ዲንቄ ስትናገር፣ የሰው ፊት እንደዚያ ሲሆን አይቼ አላውቅም ትላለች። አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ «ሩሲያ» ሲሉ የኖሩት ሰው፣ በየዜናው ኪየቭ ኪየቭ ሲባል ሁለት ዓመት የሰሙት ሰው፣ ሁለቱን አንድ ላይ ያመጧቸው ያን ቀን ነው። ያኔ ለእኛ ሁሉም ሩሲያ ነበር። ቀይ ኮከብ ያለበት ሁሉ፣ ነጭ ሆኖ የሚረዳን ሁሉ ሩሲያ ነው። አቃቂ ውስጥ ማን ለያይቶ ያውቃል? አብርሽም እንደሰማው ሄደ። የአምሳ አለቃን እግር ውለታ ሊመልስ ሄዶ፣ እግራቸውን ባዳነው ሐኪም አገር ላይ ጠመንጃ አነሳ።

«አልነገርኩትም» አሉ አምሳ አለቃ። «ለራሴም አልነገርኩትም።»

ከዚያ ነገ በስሜ ጥሪኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው በይ አሏት። ዲንቄ ተነስታ ነጠላዋን አስተካከለች።

«እኔ ሟች አለቅሳለሁ እንጂ ቋሚ አልከስም» አለች። «እርስዎ ብቻ ይምጡ።»

ሰልስት ደረሰ። ከአቃቂም ከቃሊቲም የመጣው ሕዝብ ድንኳኑን ሞልቶ መንገዱን ዘጋ፤ ባጃጆች በሌላ በኩል ይዞሩ ጀመር። የአብርሽ ጓደኞች በአንድ ወገን፣ የጦር ሰዎች በሌላ ወገን ቆመዋል። አምሳ አለቃ ተሰማ መጥተዋል፤ ወንበር ሲሰጣቸው ግን አልተቀመጡም። ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ዲንቄ የማንን ቃል እንደምትይዝ ነው። አሰጋሽ ከፎቶው ሥር ቀና ሳትል ተቀምጣለች።

ዲንቄ ጫማዋን አውልቃ መሐል ገባች። መጀመሪያ ድምፅ አላወጣችም። ፎቶውን እየዞረች አየችው፣ እንደምታውቀው ልጅ። ከዚያ ዝቅ ብላ ጀመረች፦

በሬ ሲመጣበት መንገድ የሚለቀው፣
ታንኩ ሲመጣበት ምነው ያልለቀቀው።

ጓደኞቹ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ሳቁ ሳያልቅ ፊታቸው ተጨማደደ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ዋናው አብሻቂው፣ ግድግዳ የመሰለ ልጅ፣ ፊቱን ሸፍኖ ተቀመጠ። አብርሽ ያን ጊዜ ነው ወደ ድንኳኑ የገባው። እስከዚያ ድረስ የነበረው ፎቶ ነበር።

ባገሩስ በረዶ የልጅ ጨዋታ ነው፣
እዚያ ለወደቀ የሬሳ ኩታ ነው።

ሴቶቹ ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። የዲንቄ ድምፅ ቀስ እያለ ከለቅሶው ጩኸት በላይ ወጣ፣ አንዲት ክር ያህል። መንገዱ ዳር ቆመው የነበሩ አላፊ አግዳሚዎች እየተጠጉ መጡ። ከዚያ ዞር ብላ ባንዲራ ያመጡትንም ባንዲራ የከለከሉትንም ተራ በተራ አየቻቸው፦

ጀግናም አልለውም፣ አገሩ አልጠራው፣
ቅጥረኛም አልለው፣ ፍቅር ነው የመራው።

አሰጋሽ አንገቷን ቀና አደረገች። ልብ ብዬ አየኋት፤ የጠየቀችው ይህን አልነበረም፤ ግን ተነጥቆባት የነበረ ነገር የተመለሰላት ትመስላለች። ጓደኞቹ አላጉረመረሙም። ከጦር ሰዎቹም የተነሳ የለም። ዲንቄ መሬት መሬት እያየች፣ ማንንም ሳትጠቁም፣ የመጨረሻውን አለች፦

ውለታ ሊመልስ ባሕር አቋረጠ፣
የማን ደጅ እንደሆን ሳይነግሩት ቀለጠ።

አምሳ አለቃ ተሰማ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እግራቸውን እየሳቡ ሕዝቡን ከፍለው አልፈው ከአሰጋሽ ፊት ቆሙ። ያልነገርኩት እኔ ነኝ አሉ፣ እንደ ወታደር ጮክ ብለው። ከዚያ ሁሉንም ተናገሩት። የስምንት ዓመቱን ልጅ ጥያቄ፣ የራሳቸውን ቀልድ፣ አሥራ አንድ ቀን ወለል ላይ የተኛውን ሐኪም፣ የሐኪሙን እናት ቤት። ስሙን እንዲህ በሕዝብ ፊት የሚያዋርድ ሰው ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም፤ ግን እየተናገሩ ሲሄዱ ያጠሩ አልመሰለኝም። አሰጋሽ እጃቸውን ያዘች። የምታውቀውን፣ አብርሽ የላከላቸውን ቃል፣ ያን ጊዜም አልነገረቻቸውም። እስከ ዛሬም አልነገረቻቸውም፤ ይህን ስጽፍ አስፈቅጃት ነው፤ አሁን ቢሰሙት ይሸከሙታል ብላኛለች።

በእኛ ዘንድ አልቃሽ እያለች የሟች እናት ግጥም አትሰጥም። እናት ትጮኻለች፣ ትወድቃለች፤ ቃሉን የምትይዘው አልቃሽ ናት። አሰጋሽ ግን ተነሳች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረች። ዲንቄ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሽታ ቦታውን ለቀቀችላት። ዩኒፎርም በመስፋት ያጎነበሰችው ያቺ ሴት፣ ግጥም አውጥታ የማታውቀው ያቺ ሴት፣ ፊቷን ወደ ፎቶው ሳይሆን ወደ ድንኳኑ በር፣ ወደ ሰሜን አዙራ፣ ለማናውቃት የባሕር ማዶ እናት እንዲህ አለች፦

የኔ ልጅ ገድሎ እንደሁ ያንቺን አንድዬ ልጅ፣
ለቅሶ ልደርስ መጣሁ፣ በይ ክፈቺልኝ ደጅ።

ደረት የመታ የለም። ያለቀሰም የለም፤ ማልቀስ ያነሰበት ጊዜ ነበር። ዲንቄ አርባ አምስት ዓመት ሙሉ የሰውን ቃል ተቀብላ ከፍ ስታደርግ የኖረች ሴት፣ አፏን ከፍታ ድምፅ አጣች። ዓይኗ ብቻ ነበር አሰጋሽን የሚያየው፣ ተራራ ፊቱ የተከፈተለት ሰው እንደሚያይ። ትልልቅ አገሮች በካርታ ላይ መስመር ሲያሰምሩ፣ ሲያቋርጡ፣ ሲያጠፉ የሰማነው ሁሉ በዚያች ቅጽበት ትንሽ ሆነብኝ። ከአቃቂ የቆመች አንዲት ሴት ያን ሁሉ መስመር በአንድ ቤት ግጥም ተሻግራ፣ የጠላቷን በር አንኳኩታለች።

ከዚያ ከኋላ፣ ከንፍሮ ቤቱ በኩል፣ የአንዲት አሮጊት ቀጭን ድምፅ ተነሳ። የአሰጋሽን ግጥም ደገመችው፤ መጨረሻው ላይ ግን «ክፈቺልን» አለች። አጠገቧ ያለችውም ተቀበለቻት። ከዚያ የጨርቃ ጨርቅ ጡረተኞቹ፣ ከዚያ ከቂሊንጦ ሺፍታቸውን ጨርሰው የመጡት ልጃገረዶች። ወንዶቹም ገቡበት፤ የጦር ሰዎቹም፣ ጓደኞቹም፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው የያዙት አምሳ አለቃ ተሰማም። ድንኳኑ ሙሉ ሕዝብ፣ ማንም ሄዶበት የማያውቅ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ ቀስ ብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ደጅ ክፈቺልን ይል ነበር።